በአንጎል የሚታዘዝ የእጅ ኤክሶስኬሌተን፦ ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ሠራነው

ኤክሶስኬሌተን ከአካል ውጭ ተለብሶ እጅና እግርን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚሉ ዓለም ዋንጫ መክፈቻ ላይ ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ወጣት ኳስ የመታበትን ልብስ ነው። ወይም እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነውን፣ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ የሚሠራውን የፈረንሳይዋን ግሬኖብል 65 ኪሎ ማሽን። የእኛው ከነዚህ ጋር አይነጻጸርም። ኮምቦልቻ ላይ የሠራነው ስትሮክ ላገኘው ሰው አንድ እጅ የሚከፍት፣ እንደ ጓንት የሚለበስ መሣሪያ ነው። ከአንጎል የምንጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አሁን ልክፈት» የሚለውን ሐሳብ። ምን ያህል ይከፈት፣ በምን ፍጥነት፣ የት ላይ ይቁም የሚለውን ሞላውና ካቦው ይጨርሱት። ከራስ ቅል ውጭ የሚለካ ምልክት ከዚህ በላይ ሲጭኑበት ይዋሻል።

መጨበጥን ትተን መክፈትን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ከስትሮክ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ይገተሩና እጁ እንደተጨበጠ ይቀራል። ስለዚህ የምንስበው በእጅ ጀርባ በኩል ነው፤ መጨበጡን የራሱ ጡንቻ ይሠራዋል። እጁ ለዘብ ላለ ሰው ብቻ በመዳፍ በኩል የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ እንጨምራለን።

የክንዱ ቅርፊት 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ነው። ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ይበቃዋል። በከሰል ላይ ማሞቅ ግን አይሞከርም፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። የለሰለሰው ቱቦ የሚጠቀለለው በጄሶ በወጣው የክንዱ አምሳል ላይ እንጂ በሰውየው ገላ ላይ አይደለም። ስሜቱን ያጣ ክንድ ሲቃጠል ዝም ይላል። የጣቶቹን ቀለበቶች ከቀጭን የበግ ቆዳ እንሰፋቸዋለን፤ ፕላስቲክ ከላብ ጋር ቆዳ ይልጣል።

አንድ ኤምጂ996አር ሰርቮ (በታዘዘው ማዕዘን ዞሮ የሚቆም ትንሽ ሞተር) አራቱንም ጣቶች ይስባል። የሁለት ጣት ካቦዎች በአንዲት አጭር ዘንግ ጫፍና ጫፍ ይታሰራሉ፤ ሁለቱ ዘንጎች ደግሞ በሦስተኛ ዘንግ። እንደ ቀንበር ነው፤ አንዱ ጣት ቀድሞ ቢከፈት ዘንጉ ያጋድልና ሌላው ድርሻውን አያጣም። ካቦው የብስክሌት ፍሬን ካቦ ነው። ሽፋኑ ስለታም እጥፋት ካለው ግማሹ ኃይል እዚያው ፍትጊያ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ስሌቱ መዘለል የለበትም። ሰርቮው በ6 ቮልት 11 ኪሎ ግራም-ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠመዝዛል፤ ከፑሌጃው መሐል እስከ ጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ካቦው ላይ 70 ኒውተን ያርፋል። ይህ የተገተረ ጣት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በካቦውና በዘንጎቹ መካከል ሞላ ገባ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ለመለጠጥ 6 ኒውተን የሚፈልግ። ሰርቮው ግማሽ ዙር ሲዞር 4.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚስብ፣ እጁ ጨርሶ እንቢ ቢል እንኳ የሚለጠጠው ሞላው ነው፤ ኃይሉ ከ28 ኒውተን፣ በአንድ ጣት ከ7 አያልፍም። ሞላ ስትመርጡ ውሃ የሞላ የ1 ሊትር ጠርሙስ ስቀሉበት፤ 1.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ መውረድ አለበት። በኮድ የተጻፈ የኃይል ገደብ ኮምፒውተሩ ሲደናገር አብሮ ይደናገራል፤ ሞላ አይደናገርም። ማቋረጫው ቁልፍ ደግሞ በደህናው እጅ ሥር ይቀመጣል፣ የሰርቮውን ባትሪ በቀጥታ ይቆርጣል።

የአንጎሉን ምልክት የሚቀበለው ባለ 8 መስመር፣ ባለ 24 ቢት ኤዲኤስ1299 ቺፕ ያለበት ሰሌዳ ነው፤ በሰከንድ 250 ጊዜ ይለካል። የሚለካው ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ስለሆነ ከሶኬቱ 220 ቮልት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መኖሩ ራሱ ፈተና ነው። ሰሌዳው በራሱ ባትሪ፣ ሰርቮው በሌላ ባትሪ፣ መረጃው በብሉቱዝ። ኤሌክትሮድ (ምልክቱን ከራስ ቆዳ የሚቀበለው ትንሽ ብረት) ራስ ላይ እያለ ምንም ነገር ቻርጀር ላይ አይሰካም። ይህ ከመብራት መስመር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ጫጫታ ይቀንሳል፤ ከሁሉም በላይ ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ኤሌክትሮዶቹ የሚቀመጡበትን ቦታ በሜትር እንፈልገዋለን። በሁለቱ ዓይኖች መሐል ካለው የአፍንጫ መነሻ ጎድጓዳ እስከ ማጅራት እብጠት፣ ከጆሮ ፊት እስከ ጆሮ ፊት በአናት ላይ ይለካል፤ ሁለቱ መሐሎች የሚገናኙበት ነጥብ ሲዜድ ይባላል። ከዚያ የጆሮ-ለጆሮውን ርቀት 20 በመቶ ወደ ግራ ስትሄዱ ሲ3፣ ወደ ቀኝ ሲ4። ልኬቱ 36 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 7.2 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የቀኝ እጅን የሚያዘው ግራው አንጎል ቢሆንም በስትሮክ ክፉኛ ከተጎዳ ምልክቱ ደካማ ይሆናል። ያኔ የደህናውን ወገን እናዳምጣለን፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ፈቃድ የሰጠችው ኢፕሲሃንድ የተባለው መሣሪያም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ፀጉር እንምጣ፤ ከኮዱ ሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ወሎ ውስጥ ራሷን ቅቤ የተቀባች እናት ላይ ኤሌክትሮድ ብታስቀምጡ የምታነቡት ቅቤውን ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ቅቤ አይቀባ፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ። ሹሩባ ጠላት ይመስላል እንጂ ባለሙያ ከያዘው ወዳጅ ነው። ለሹሩባ ሠሪዋ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናት ላይ የሚያልፍ አንድ ሰፊ ፈለግ እንድትተው ይነገራታል፤ ሲ3፣ ሲዜድና ሲ4 እዚያው ፈለግ ላይ ያርፋሉ። ፈለጉ በአልኮል ይወለወልና የሚያስተላልፈው ቅባት ይገባበታል። በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለው ሬዚስታንስ ከ10 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ ሥራ አይጀመርም። የብርና የወርቅ ኤሌክትሮድ አታደባልቁ፤ ሁለት ዓይነት ብረት ራሱ ቮልቴጅ ይፈጥርና በስክሪኑ ላይ የሚታየው የምልክቱ መስመር ከቦታው ይንሳፈፋል። ሂጃብ ለምትለብስ ሴት፣ ሴት ረዳትና የተዘጋ ክፍል ይዘጋጃል። ሻሹ ከላይ ሲታሰር ኤሌክትሮዶቹን ከማንኛውም ቆብ የተሻለ ይዞ ያቆያቸዋል። የኮምቦልቻ የቀትር ሙቀት ላብ ስለሚያመጣና ላብ መስመሩን ስለሚያንሳፍፍ ጠዋት ይመረጣል።

ልምምዱ አጭር ነው፦ 40 ጊዜ እረፍት፣ 40 ጊዜ ሙከራ፣ እያንዳንዱ 4 ሰከንድ፣ ተቀላቅሎ። «እማማ፣ እጅዎን ለመክፈት ይሞክሩ» ነው የሚባለው፤ «ሲከፈት በዓይነ ሕሊናዎ ይዩት» አይደለም። ሥዕል የሚያይ ሰው እጁን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ብዙም አይቀሰቅሰውም። ዓይን አይጨፈንም፤ ሲጨፈን ከኋላ በኩል 10 ኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ይጎላና እኛ የምንፈልገውን ይሸፍናል። የምንፈልገው ከ8 እስከ 13 ኸርዝ ያለው የሙ ሞገድ ሙከራው ሲጀመር ሲቀንስ ማየት ነው። ኮዱ በፓይተን ነው፦ ከ8 እስከ 30 ኸርዝ ማጣሪያ፣ የአንድ ሰከንድ መስኮት፣ እረፍትን ከሙከራ የሚለየው ኤልዲኤ የተባለ የስሌት ዘዴ። ሦስት ተከታታይ «አዎ» ሲመጣ ሰርቮው ይነሳል። በ80 ሙከራ ከ60 በመቶ በታች የሆነ ውጤት ከዕድል አይለይም፤ እኛ ከ70 በታች ጓንቱን አናገናኝም። ጭራሽ የማይሳካላቸው ሰዎችም አሉ፤ ይህ የአእምሮ ድክመት አይደለምና ለቤተሰቡ በግልጽ ይነገር።

በመጀመሪያው ቀን 95 በመቶ ከመጣ ደግሞ አትደሰቱ። እንቢ ያለ እጁን የሚታገል ሰው ጥርሱን ይነክሳል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ትንፋሹን ይይዛል። የጆሮ ግንድ ጡንቻ ኤሌክትሪክ ከአንጎሉ ብዙ እጥፍ ነው፤ ኮምፒውተሩም ምንጩን አይጠይቅም፣ የሚቀለውን ይወስዳል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በመንጋጋ የሚታዘዝ ነው፣ በዓለም ላይ በአንጎል ይሠራል ከሚባለውም የተወሰነው እንዲሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ሁለት ኤሌክትሮዶች ከጆሮ በላይ እናስቀምጣለን። ከ30 እስከ 45 ኸርዝ ያለው ኃይል በእረፍት ጊዜ ከነበረው እጥፍ ከሆነ ትእዛዙ ይሰረዛል። ከዚያ ፈተናው፦ እጅን ዘና አድርጎ ቆሎ መቆርጠም። ጓንቱ ከተከፈተ ልምምዱ እንደ አዲስ ይጀመራል። መዋጥ ለሚያስቸግረው ሰው ቆሎው ይቅር፣ ባዶ አፉን ያላምጥ።

ጓንቱን በጊዜ አስልቶ ዝም ብሎ መክፈት ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከጀርመኗ ቱቢንገን በወጣ ጥናት 32 የስትሮክ ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ መሣሪያው ሐሳባቸውን ተከትሎ የተንቀሳቀሰላቸው፣ ያለ ሥርዓት ከተንቀሳቀሰላቸው ይልቅ ተሻሽለዋል። ሁለቱም የተለመደውን ፊዚዮቴራፒ አግኝተዋል። በእኛም ዘንድ ጓንቱ ያለ ፊዚዮቴራፒስት አይለበስም። በባለሙያ እጅ ቀስ ተብሎ የማይከፈት መገጣጠሚያ በሞተርም አይከፈትም። የመጀመሪያው ልምምድ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ከዚያ ቅርፊቱ ይወልቅና ቆዳው ይታያል። የቀላው ቦታ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቀድሞ መልኩ ካልተመለሰ ቅርፊቱ ያንን ቦታ እንዲለቅ በፈላ ውሃ ለስልሶ እንደገና ይቀረጻል።