እንግዳው ምን አይቶ ይመለስ?

አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ወዳጆቼ ስለ ማስጀመሪያ ዝግጅታቸው ሲያማክሩኝ፣ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ ከአዳራሹ ስፋት፣ ከመድረኩ አበባና ከተጋባዦቹ ብዛት ይጀምራል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው፣ እንግዳው ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ምን አየህ?» ሲባል በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ብሎ እንዲመልስ እንደሚፈልጉ ነው።

ይህን ሳነሳ ዘወትር ትዝ የሚለኝ ኤሊሻ ኦቲስ ነው። በ1853 እ.ኤ.አ. የአሳንሰር ሥራውን ሲጀምር ገበያው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰው ገመዱ ቢበጠስስ ብሎ ይፈራ ነበርና። በ1854 በኒው ዮርክ በተካሄደ ትልቅ ኤግዚቢሽን፣ በተመልካች ፊት ወደ ላይ በተሰቀለ መድረክ ላይ ራሱ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ። መድረኩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀጥ አለ፤ በገመዱ ውጥረት ታጥፎ የቆየው ስፕሪንግ ውጥረቱ ሲለቀው ተዘርግቶ፣ በግራና በቀኝ ሐዲዶች ላይ ከተሠሩት ጥርሶች ጋር ተያያዘና ያዘው። የማደንቀው ድፍረቱን ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው የሚፈራውን ያንኑ ነገር ለይቶ የትርኢቱ ማዕከል ማድረጉን ጭምር ነው።

ስለዚህ ዝግጅት የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ የደንበኛውን ጥርጣሬ በግልጽ ይጻፍ እላለሁ። የጥገና ድርጅት የሚከፍት ከሆነ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ያመጣው የተበላሸ ዕቃ በሁሉም ፊት ተከፍቶ ይጠገን። የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር የሚያቀርብ ከሆነ ደግሞ፣ ቀድሞ የተዘጋጀ ምሳሌ ከማሳየት ይልቅ እንግዳው የራሱን ደረሰኝ በእጁ ያስገባና ውጤቱን ይመልከት። እንግዳው ራሱ የነካውን ነገር፣ ከተነገረው ይልቅ አብልጦ ያምናል።

ንግግር ይጠር። በአንድ ወቅት እኔው ባስተባበርኩት ዝግጅት፣ ማንንም ላለማስቀየም ብዬ ስድስት ተናጋሪዎችን በተከታታይ አስቀመጥኩ፤ የተደከመበት ምርት መድረክ ላይ ሲወጣ ከወንበሮቹ ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ። የባለቤቶቹን ፊት ያየሁበት ያ ቅጽበት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ዋናው ትዕይንት በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ እንዲቀርብ አጥብቄ እሟገታለሁ፤ ምስጋናው ከዚያ በኋላም ይደርሳል።

የቀረው ጥንቃቄ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው የመዝናኛ ፓርክ ዲስኒላንድ ጁላይ 17 ቀን 1955 ሲከፈት፣ በተጭበረበረ የጥሪ ወረቀት ብዙ ያልተጠራ ሰው ገባ፤ አዲሱ አስፋልት በሙቀቱ ለስልሶ የሴቶች ተረከዝ ይሰምጥበት ነበር፤ የቧንቧ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ በማድረጋቸውም ከመጸዳጃ ቤቶቹና ከመጠጥ ውኃ ቧንቧዎቹ ሁለቱንም በጊዜው ማድረስ አልተቻለም፤ የተመረጠው መጸዳጃ ቤቱ ነበር። እንዲህ ያለ ምርጫ በዋዜማው የሚመጣው፣ አስቀድሞ ምን እንደሚቀር ካልተወሰነ ነው። እኔ ቢያንስ አንድ ሙሉ ልምምድ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት፣ ድምፅ ማጉያውም መሣሪያውም በርቶ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። በልምምዱ መካከል ሆን ብዬ መብራቱን አስጠፋለሁ፤ መድረክ መሪው ያን ጊዜ ምን እንደሚል፣ ተለዋጩ መሣሪያ ማን እጅ እንዳለና በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ወዴት እንደሚመሩ የሚታወቀው በዚያች ጨለማ ውስጥ ነው።