ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀለው የውጭ ቋንቋ፦ ዐረብኛን እንዴት እንደመረጥኩ

ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ የውጭ ቋንቋ ለመማር ስነሳ በቅድሚያ ያየሁት ቀላል ናቸው የሚባሉትን ቋንቋዎች ዝርዝር ነበር። የእነዚህ ዝርዝሮች ምንጭ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ባወጣው ምደባ መሠረት፣ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ከ600 እስከ 750 በሚደርስ የክፍል ሰዓት ለሥራ በሚበቃ ደረጃ የሚለመዱ ሲሆኑ፣ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ግን 2200 ሰዓት ይጠይቃሉ። ምደባው ግን የተሠራው በእንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ሰው ነው። ዝርዝሩን ወደ አማርኛ እየመለሱ የሚያሰራጩ ሰዎች ይህችን ነገር ይዘሏታል፤ ለእኛ ግን ዋናዋ ነገር እሷ ናት።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የታወቁት የቋንቋ ማስተማሪያ ተቋማት መሀል ከተማ ናቸው፤ ከሥራ በኋላ ለምሳሌ ስድስት ኪሎ ድረስ ሄዶ ተምሮ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ወደ ከተማዋ ጫፍ መመለስ ለእኔ ብጤ ሠራተኛ የሚዘልቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ መመዘን ያዝኩ፤ ቋንቋው ከአማርኛ ጋር ምን ያህል ይገጥማል፣ ከግቢያችን ሳልወጣስ እሰማዋለሁ ወይ?

በመጀመሪያው መመዘኛ ብዙ ቋንቋ ያልፋል። ጣሊያንኛን ጋራዥ የዋለ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ጀምሮታል፤ ካቻቢቴው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው የዚያ ቋንቋ ነው፤ ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም የሚለወጥበትም ልማድ እንደ አማርኛ ነው። ቱርክኛ ግሱን እንደ እኛ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ሲሆን፣ የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 ቋንቋውን ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል። ሦስቱም ግን በሁለተኛው መመዘኛ ወደቁ፤ በሰፈራችን ከማን ጋር አወራቸዋለሁ?

ዐረብኛ የሚናገር ሰው ግን በየብሎኩ አለ። ከቤይሩት፣ ከሪያድና ከኩዌት የተመለሱ እህቶች እዚህ አካባቢ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የሄዱ ሲሆኑ ቋንቋውን የለመዱት ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ፣ በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም በቁጣና በትዕዛዝ ነው። ከባድ ሥራ እየሠሩ፣ ማንም ቆሞ ሳያስረዳቸው ቀለጣጥፈው መናገር መቻላቸው፣ ዐረብኛ ለአማርኛ ተናጋሪ የዝርዝሩን ያህል እንደማይከብድ ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ አሳምኖኛል።

ምክንያቱ ሁለቱ ቋንቋዎች ሴማዊ፣ ማለትም የአንድ የቋንቋ ቤተሰብ አባላት በመሆናቸው ነው። እንግሊዛዊ ወንድንና ሴትን ለይቶ ማነጋገርን እንደ አዲስ ነገር ሲማር፣ እኛ አንተና አንቺ የምንለውን ዐረቡ አንተና አንቲ ይለዋል። ቤቴ፣ ቤትህ፣ ቤትሽ ለማለት ከስሙ ጫፍ ላይ ምዕላድ እንደምንቀጥል ሁሉ፣ የቤይሩት ሰው ቤይቲ፣ ቤይተክ፣ ቤይቲክ ይላል። ከነገረ ነጋሪና ነገር እንደሚወጡ፣ ዐረቡም ከክ፣ ከት እና ከብ ኪታብን ለመጽሐፍ፣ ካቲብን ለጸሐፊ፣ መክተብን ለቢሮ ያወጣል። ደረሰ የሚለው የዐረብኛ ቃል መካከለኛው ድምፅ ሲላላ ተማረ፣ ሲጠብቅ አስተማረ ማለት ነው፤ ለጆሯችን ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የግዕዝ ፊደል ነው። ብዙ ሰው ትርፍ ናቸው እያለ የሚያማርርባቸውን ሀን፣ ሐን እና ኀን፣ እንዲሁም አን እና ዐን ዐረብኛ እስከ ዛሬ በድምፅ ይለያቸዋል። ዐይንን በዐይኑ ዐ፣ ሐዘንን በሐመሩ ሐ፣ ኀምስን በብዙኃኑ ኀ መጻፍ የለመደ ሰው የዐረብኛውን ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጽፈው ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ያውቃል። ሐዲስ ኪዳን የምንልበት ሐዲስም ዐረቦቹ ለአዲስ ነገር ከሚሉት ሐዲሥ ጋር አንድ ሥር ነው። የሥርዓተ ጽሕፈት ጥንቃቄን ከንቱ ልፋት የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

የትኛውን ዐረብኛ ልማር የሚለው ጥያቄ የመጣው ቡና ላይ ነው። እሑድ ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ቡናን ምን እንደሚሉት ጠየቅኩ፤ ከቤይሩት የተመለሰችው ጎረቤቴ «አህዌ» ስትል፣ ከሪያድ የመጣችው «ገህዋ» አለች፤ በእጄ ያለው መጽሐፍ ደግሞ ቀህዋ ይላል። «ጋሼ፣ እሷን አይስሙ፣ የእሷ የበረሃ ዐረብኛ ነው» አለች የቤይሩቷ፤ ሌላዋም ዝም አላለችም። ሁሉም የተስማሙት ፍሬው ቡን እንደሚባል ብቻ ነው። እኔ የቤይሩቱን የመረጥኩት ይበልጣል ብዬ ሳይሆን፣ ተናጋሪዋ ከብሎካችን ሥር ሱቅ ስላላት በየቀኑ ስለማገኛት ነው። ስኳርና ዳቦ የምገዛው በዐረብኛ እንዲሆን ተስማማን፤ ሒሳቡንም በዐረብኛ እቆጥራለሁ። አርበዓ፣ ኸምሳ፣ ሰብዓ፣ ቲስዓ እያሉ መቁጠር የግዕዙን አርባዕቱን፣ ኀምስቱን፣ ሰብዐቱን፣ ተስዐቱን ለሰማ ሰው አይከብድም።

ንባቡን ያስጀመረኝ መድረሳ የሚማር የጎረቤት ልጅ ነው። ፊደሎቹ 28 ሲሆኑ፣ እንደየቦታቸው በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ስድስቱ ደግሞ ከሚከተላቸው ፊደል ጋር አይያያዙም። የሚያስቸግረው ይህ ሳይሆን አጫጭር አናባቢዎች በተለመደው ጽሑፍ አለመጻፋቸው ነው፤ ቃሉን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በትክክል ሊያነበው አይችልም። ለልምምድ ቴሌቪዥናችን ጠቀመኝ። ሁላችንም ኤምቢሲ ቱ ላይ የእንግሊዝኛ ፊልም ስናይ ከሥር የሚያልፈውን የዐረብኛ ጽሑፍ ልብ ሳንለው ኖረናል፤ እኔ ድምፁን ቀንሼ እሱን ማንበብ ያዝኩ። የሚጻፈው የመጽሐፉ ዐረብኛ ስለሆነ ከሱቋ ንግግር ይለያል፤ ሁለቱን ለየብቻ ደብተር መያዝ ይሻላል።

ከባዱ ክፍልም አለ። ዐ እና ሐ ከጉሮሮ ሥር እንዲወጡ አማርኛ ተናጋሪ እንደ ማንም ሊደክም ግድ ነው፤ እኛ ድምፃቸውን ከተውነው ቆይተናል። ቅጽል ከስም በኋላ መምጣቱም መጀመሪያ ላይ አፍ ያሳስራል። ብዙ ቁጥር ብዙ ጊዜ የቃሉን ውስጥ ስለሚለውጥ፣ ኮከብን ከዋክብት እንደምንለው ከውከብን ከዋኪብ ይሉታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከነብዙ ቁጥሩ ማጥናት ያስፈልጋል። ዝምድናውም ያሳስታል፤ ለሕም ዐረቡ ዘንድ ሥጋ እንጂ ላም አይደለም።

ዱከም በሚገኘው የኢንዱስትሪ ዞን የሚሠራው የእህቴ ልጅ የእኔን ምርጫ ሊከተል ሲል ከልክዬዋለሁ። እሱ ቀኑን ሙሉ ከቻይናውያን ጋር ይውላል፤ የቻይንኛ ግስ በጾታም በጊዜም አይረባም፤ የሚከብዱት አራቱ የድምፅ ቃናዎችና ጽሕፈቱ ናቸው። ጽሕፈቱን ለጊዜው ትቶ በላቲን ፊደል በሚጻፈው ፒንዪን እንዲጀምር ነገርኩት። አሁን መጋዘን ውስጥ ጥቅል ሲቆጥር የሚያምታቱትን አራትንና አሥርን በስልኩ እየቀዳ፣ አለቃው በሚናገርበት ቃና እየደጋገመ ይለማመዳል።