ሦስቱ «ደረሰ»

ባለፈው ሳምንት፣ ከመስቀል አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ የግምገማ ሪፖርታችንን ረቂቅ ለማስተቸት ተሰብስበን ነበር። የተገመገመው ፕሮጀክት ድርቅና ጎርፍ በሚፈራረቁባቸው ወረዳዎች የሚካሄድ፣ ግማሹ ቅድመ ዝግጁነት፣ ግማሹ የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ የሆነ ሥራ ነው። ባልደረባዬ ከዕቅድ በላይ የሆነ ሕዝብ «ተደራሽ ተደርጓል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ወደሚቀጥለው ስላይድ ሊያልፍ ሲል፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። በደርግ ዘመን በእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መጋዘን ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው አልፎ አልፎ እንዲህ ባለው መድረክ የሚጋበዙ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ለስንት ሰው እንደደረሰ ነገርከን። መቼ ደረሰ?» አሉና ተቀመጡ።

ሪፖርቱን አገላበጥን። መልሱ የለበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ግሥ ከአእምሮዬ አልወጣም። በቋንቋችን አደጋ ይደርሳል፣ እርዳታ ይደርሳል፣ እህልም ይደርሳል። በአንድ ሌሊት ሰፈር ጠርጎ የሚሄደውን «ደራሽ ጎርፍ» እንለዋለን፤ የተጨነቀም ሰው የሚጮኸው «ድረሱልኝ» ብሎ ነው። በሪፖርት ቋንቋ ግን ግሡን ወደ «ተደራሽ» ስንለውጠው ቀኑ ከውስጡ ተንጠባጥቦ ያልቅና የሰው ብዛት ብቻ ይቀራል። ይህን ሥራ ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን ከጻፍኳቸው ሪፖርቶች ውስጥ ሦስቱን የመድረሻ ቀኖች፣ ማለትም አደጋው የደረሰበትን፣ እርዳታው የደረሰበትንና የገበሬው የራሱ እህል የደረሰበትን፣ በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ያስቀመጥኩበት አንድም የለም።

ቀኖቹ ተደብቀው አይደለም። እህል ወደ ወረዳ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ሲወጣ ሞዴል 22፣ የወጪው ደረሰኝ። በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው የዕቃ መከታተያ ካርድ የገባበትንና የወጣበትን ቀን በየመስመሩ ይዟል። በማከፋፈያው ጣቢያ ደግሞ ስም ዝርዝርና የጣት አሻራ አለ። ከተመለስን በኋላ ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን ጠረጴዛ ላይ በስልካችን ያነሳናቸውን የእነዚህን ወረቀቶች ፎቶ አሳትመን ደረደርናቸው። በአንዱ ቀበሌ የእርዳታው ጥያቄ ለወረዳው የተጻፈው በየካቲት ነው፤ ሞዴል 19 የተቆረጠው በሰኔ፤ ከመጋዘን ወጥቶ የታደለው በነሐሴ አጋማሽ። በአሻራው ዝርዝር አንድ ገጽ ላይ ሐምራዊው ቀለም በሁሉም መስመር በአንድ አቅጣጫ ያጋደለ፣ መጠኑም አንድ ዓይነት ነበር። ሁሉም ያንድ ሰው አውራ ጣት ነው ብዬ ለመክሰስ ማስረጃ የለኝም፤ ሆኖም ያን ገጽ ከናሙናችን አውጥተን ቤት ለቤት ሄደን እንድንጠይቅ አድርጎናል።

በአገራችን የተለመደው የምግብ እርዳታ መጠን በሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። በግንቦት የታደለው 15 ኪሎና በመስከረም የታደለው 15 ኪሎ በሪፖርቱ ላይ አንድ ናቸው፤ በቤቱ ውስጥ ግን በሁለቱ መካከል ፍየሏ ተሸጣለች፣ ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ለቀን ሥራ ከተማ ገብቷል። ኅዳር ላይ ከደረሰ ደግሞ ከማሳው እህል ጋር እኩል ገበያ ይወጣና፣ ያመረተው ጎረቤት ዋጋው ወርዶበት ያኮርፋል። ለምግብ እጥረት የተጋለጡ የገጠር ቤተሰቦችን የሚደግፈው ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ክፍያው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት እንዲፈጸም የታሰበው ይህንን ለማስቀረት ነበር።

የሙያው መስፈርቶች ጥፋተኛ ናቸው ለማለት አልደፍርም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ ያወጣቸውና ሁላችንም የምንገለገልባቸው መስፈርቶች አግባብነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ተፅዕኖና ዘላቂነት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌሎች ሥራዎች ጋር መጣጣም ስድስተኛ ሆኖ ታክሏል። ወቅታዊነት በቅልጥፍና ሥር እንዲታይ ይጠበቃል፤ እኛ ግን ከቅልጥፍና ሥር በብዛት የምንጽፈው ስለ በጀት አጠቃቀም ነው። የሰብዓዊ እርዳታ ዝቅተኛ መስፈርቶችን የያዘው የስፊር መመሪያም በሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት እያለ የሚቆጠር ነገር ይሰጠናል። የሚቆጠር ነገር ያገኘ ገምጋሚ ደግሞ መቁጠሩን ይወዳል።

መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ከጎረቤት አገር መራቅ አያስፈልግም። በሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋማት ደጋግመው አስጠንቅቀው ነበር። ረኃብ መግባቱ በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ሲሆን፣ ዋናው ገንዘብ የተለቀቀውም ከዚያ በኋላ ነው። በኋላ የተደረገው ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ወደ 260 ሺህ ገምቶታል፤ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው፤ ብዙዎቹም ዐዋጁን ሳያዩ ያለፉ ናቸው። ማስጠንቀቂያው ደርሶ ነበር። እዚያ የጠፋው ማስጠንቀቂያ ሲደርስ ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በየትኛው ገንዘብ ይንቀሳቀሳል የሚለው አስቀድሞ የተቆረጠ ውሳኔ ነው።

ወደ ቅድመ ዝግጁነቱ ስመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ዝግጅት ከተሳካ የሚታየው ያልሆነ ነገር ነውና። ባንግላዴሽ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የመታት የባሕር አውሎ ነፋስ በትንሹ 300 ሺህ ሰው ገደለ፤ በ2007 ከዚያ በኃይሉ የማይተናነስ አውሎ ነፋስ ሲመታት የሞቱት 3,400 ገደማ ናቸው። በመካከሉ የመጠለያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው በየመንደሩ የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነዋል፣ መንገድ ገብቷል፣ ሬዲዮና ስልክ ተስፋፍቷል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው የስንቱን ነፍስ አዳነ ተብሎ ቢጠየቅ ሐቀኛ ገምጋሚ ከፋፍሎ ሊመልስ አይችልም፤ የአንዱ ፕሮጀክት ድርሻ ምን እንደነበረ አሳማኝ አድርጎ ማሳየት ከቻለም ትልቅ ነገር ነው።

እኛ የገመገምነው ፕሮጀክትም ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ነበር። በአንደኛው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ አገኘነው፤ ባትሪ አልተገዛለትም፤ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለበትን ሰው ለማግኘትም አርባ ደቂቃ ጠበቅን። አጠገቡ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ በጥሩ ሁኔታ ተጠርዞ ተቀምጧል፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በፕሮጀክቱ ሪፖርት ላይ ሁለቱም «ተጠናቋል» በሚለው ዓምድ ሥር ናቸው። በሰው ለመሳቅ ግን ብዙም መብት የለኝም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ባወዛወዘበት ሰሞን፣ የሌሎችን ዝግጁነት ነጥብ ስንሰጥ የምንውል ሰዎች ከአምስተኛ ፎቅ በደረጃ ተንጋግተን ወርደን፣ የት መሰብሰብ እንዳለብን ስለማናውቅ መንገድ ዳር በየፊናችን ቆመን ነበር።

ሌላው ከሪፖርቶቻችን የሚቀረው የመጀመሪያው ደራሽ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት በደረሰ ጊዜ፣ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡና ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። ሕዝቡ አካፋና እጁን ይዞ ነበር የደረሰው። በየትኛውም ፕሮጀክት በጀት ውስጥ የሌሉት እነዚህ ሰዎች ምን ቢያውቁ ኖሮ፣ ምን መሣሪያ በምን ያህል ርቀት ቢገኝ ኖሮ ብሎ መጠየቅ የዝግጁነት ግምገማ ዋና ሥራ ይመስለኛል። የግምገማውን ሥራ በሚዘረዝረው ቢጋራችን ውስጥ ግን ጥያቄው «የሠለጠኑ የኮሚቴ አባላት ብዛት» ከሚለው አልዘለለም።

ከስብሰባው በኋላ ከጋሼ ጋር በእግር ወደ ስታዲየም አቅጣጫ ወረድን። በ1977 መጋዘን ሳሉ በየምሽቱ ከካርዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ገልብጠው ለአለቃቸው ይልኩ እንደነበር ነገሩኝ፦ እህሉ ወለል ላይ ያደረበትን የቀን ብዛት። «አለቃዬ ቶኑን ከሌላ ሰው ይሰማል። ቀኑን የሚነግረው እኔ ነበርኩ» አሉኝ።

ሠንጠረዡን ሠራሁት። ቀበሌዎቹ በረድፍ፣ ሦስቱ ቀኖች በዓምድ፣ በመጨረሻም በመካከላቸው ያለው የቀን ልዩነት። ሥራውን ያሠራን ድርጅት ሠንጠረዡ «ጠቃሚ» መሆኑን አመስግኖ ጽፎልን፣ ከዋናው ጽሑፍ ወጥቶ ወደ አባሪ እንዲዛወር ጠይቋል። ዛሬ ጠዋት የላክሁት መልስ ቅልጥፍናን በሚመለከተው ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይቆይ የሚል ነው፤ ምላሻቸውን እየጠበቅሁ ነው።