ውጅግራ አንድ ነው የሚጎርሰው

የጦርነት ፊልም ላይ ዕቃ አዘጋጅ ሆኜ ስጠራ መጀመሪያ የመጣልኝ ክላሽ ነበር። ያየሁት አክሽን ሁሉ ክላሽ ነዋ! ታሪኩ ግን በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ያኔ ክላሽ የሚባል ነገር ገና አልተፈለሰፈም።

ጣሊያኖቹ አላስቸገሩኝም፤ ካርካኖ የሚባለውን የአገራቸውን ጠመንጃ ይዘው ይሰለፋሉ፣ አለቀ። መከራዬን ያበሉኝ የእኛዎቹ ናቸው። የዘመኑ ዘማች ቤቱ ያገኘውን አንግቶ ነው የወጣው። አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ ስናድር፣ አንዱ ለበን። ጦርና ጎራዴ ብቻ የያዘም ሞልቷል። ሃያ ሰው አንድ ዓይነት ጠመንጃ ባስይዝ ዘበኛ ነው የሚመስሉት።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ድሃ ገበሬ ስለሆነ ከአባቱ የወረሰው ውጅግራ ሰጠሁት። ውጅግራ በፈረንጆች የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት ነው። ኋላ ላይ ካርካኖ ሲማርክ ደግሞ፣ ምንም ሳይናገር ሰውየው እንደተለወጠ ተመልካቹ ያያል። በዚህች ምርጫ እስካሁን እኮራለሁ።

ጠመንጃዎቹን አናጢ ጋ በእንጨት አሠራን፤ አፈሙዙ የውኃ ቧንቧ ነው። ሁለቱ ብቻ ለቅርብ ቀረጻ ስለሚፈለጉ መቀርቀሪያቸው ይንቀሳቀሳል። ሌሎቹን ካሜራው ከሩቅ ነው የሚያያቸው፣ ብዙ አልደከምኩባቸውም። መጀመሪያ ቀን ተዋናዩ ዳገት ላይ ሲሮጥ ግን ጃንጥላ የያዘ መሰለ። እውነተኛው ውጅግራ አራት ኪሎ ያልፋል፤ የእኔው አንድ ኪሎ አይሞላም። ማታውኑ ሰደፉን አስቦርቡሬ ብረት አስገባሁበት። በነጋታው ትከሻው ዘንበል አለ፣ ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። ትወናው ራሱ ተሻሻለ!

ሌላው ጥፋቴ በአንድ አባት ፊት ተጋለጠ። ለምክር የጠራናቸው ናቸው። ተዋናዩ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሲተኩስ አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ውጅግራ እኮ አንድ ነው የሚጎርሰው» አሉኝ። እንደገና ቀረጽን። በእያንዳንዱ ተኩስ መሃል ጥይት ከዝናሩ ያወጣል፣ ያጎርሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከፊልሙ ሁሉ ልብ የሚሰቅለው ትዕይንት ያ ሆኖ ቀረ። ጭሱንም ያስታወሱን እሳቸው ናቸው፤ የጥንቱ ባሩድ ነጭ ጭስ ስላለው ተኳሹ የት እንደተደበቀ ያሳብቅበታል። ብልጭታውንም ጭሱንም በኮምፒውተር ጨመርነው።

አንድ ቀን ከአጃቢ ተዋናዮቹ አንዱ «እውነተኛ ይሻላል ብዬ ነው» ብሎ የአያቱን ጠመንጃ ይዞ መጣ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። ምሳ ሰዓት ላይ መቀርቀሪያውን ስስበው ጥይት ዱብ አለ። ጉልበቴ ከዳኝ። በፈረንጆች 2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንዲት የካሜራ ባለሙያ ቀረጻ ቦታ ላይ የሞተችው፣ ባዶ ነው በተባለ ሽጉጥ ውስጥ እውነተኛ ጥይት ተገኝቶ ነው። ዜናውን አንብቤዋለሁ፤ ግን እኔም ጋ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጠመንጃውን ለባለቤቱ መልሼ ወደ ቤቱ ሸኘሁት። ለእሱም የእንጨት አሠራሁለት። «ይሄማ ያዋርደኛል» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።