«ውሻ ያዙ!» ሲባል

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። መቻል የሚባል ውሻ አለኝ። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ጓሮ ሄዶ ጆንያው ላይ ጋደም ይላል። እዚህ እስኪደርስ ግን የንስሐ አባቴ በእሱ ተነክሰዋል። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መቻል ልጅ ሳለ በመጣ በሄደው ይጮህ ነበር። አንድ የቀበሌ ሰው «ውሻህን እሰር፣ አለዚያ ትጠየቃለህ» አለኝ። እኔም በሩ አጠገብ በአጭር ሰንሰለት አሰርኩት። ባሰበት። የታሰረ ውሻ የፈራውን ነገር መሸሽ አይችልም፤ የሚቀረው መናከስ ነው። ሰው ሁሉ ደግሞ በአፍንጫው ሥር ያልፋል። ልጆች በአጥር ቀዳዳ ድንጋይ ይወረውሩበታል። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ «ታስሯል» ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ የማርያም ማኅበር ተራዬ ደረሰ። ቀኑ 21 ነው። ቤቱ ሽር ጉድ ይላል። አባ በር ላይ ቆመው «ውሻ ያዙ!» አሉ። እኔ ማድጋ ተሸክሜ ነበር። «ታስሯል፣ ይግቡ አባቴ» አልኳቸው። አምነውኝ ገቡ። ሰንሰለቱ መንገዱ ድረስ ይደርስ ነበርና ባታቸውን ያዛቸው።

ጎረቤት ቡና ካልነሰነስንበት አለ። ደግነቱ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ነርስ ናት። ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበችው። የሄድንበት ጤና ጣቢያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አልቋል ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ሰደደን። እዚያ «ውሻው ተከትቧል?» ተባልኩ። ተከትቧል። ያስከተብኩት ዕለት ግን ካርዱን ሳልቀበል ነበር የወጣሁት። አባ ፊት ማስረጃ አጥቼ ስቆም መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ያው የቀበሌ ሰው መጥቶ «ግደለውና ተገላገል» አለኝ። እምቢ አልኩ፤ ልክም ነበርኩ። የነከሰ ውሻ ተዘግቶበት 10 ቀን ይጠበቃል። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰ ጊዜ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ገድለህ ብትቀብረው ግን ይህን በምን ታውቃለህ? የተነከሰው ሰው ክትባት ግን ቀን አይጠብቅም፤ ያን ዕለት መጀመር አለበት። አባ ጠበልም ሄደዋል፤ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ክትባቱን ግን አላስቀረንም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

እነዚያን 10 ቀናት አንድ በአንድ ቆጠርኩ። መቻል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው፤ ደህና ይበላል፣ ይጠጣል። ውጭ ሰው «ውሻ ያዙ!» ባለ ቁጥር ግን ጸጉሩ ይቆማል። ያኔ ገባኝ። ይህ ቃል በተሰማ ቁጥር እኔ ዱላ ይዤ እሮጣለሁ፣ አንገቱን አንቄ እጎትተዋለሁ። ለመቻል «ውሻ ያዙ» ማለት «ልትመታ ነው» ማለት ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። ሰንሰለቱን ጣልኩት። ጓሮ፣ ከበሩ ራቅ አድርጌ ጆንያ አነጠፍኩለት። የጎረቤት ልጅ ከውጭ «ውሻ ያዙ!» ይላል፤ እኔ ወዲያው ጆንያው ላይ ቁራሽ እጥላለሁ። በቀን አስር ጊዜ ያህል። ሁዳዴ ስለነበር ሥጋ የለም፤ ደረቅ ዳቦና ቅቅል ድንች በቃው። ወጥ የነካ እንጀራ ግን አትስጡ፤ ሽንኩርት ውሻን ይጎዳል። በሦስተኛው ሳምንት ቃሉን ሲሰማ ራሱ ወደ ጆንያው ይሮጥ ጀመር። ከዚያ በሩን ከፍተን ሞከርነው፤ መጀመሪያ በልጁ፣ በኋላ ጋቢ በለበሰና ዱላ በያዘ ሰው። ዱላው ላይ ብዙ ቆየን። ተበላሽቶብን እንደገና የጀመርንበት ቀን አለ። መቻል እንዳያመልጥ ያን ሁሉ ጊዜ በገመድ ይዤው ነበር።

ውሻ በዱላ ይገራል የሚላችሁን አትስሙ። በር ላይም አትሰሩት። ማታ ሲጮህ ግን ተዉት፤ እኔ አልከለክለውም፣ ጠባቂዬ ነው።

አባ ይቅር ብለውኛል። ዛሬም ቤቴ ይመጣሉ፤ መቻልም ድምፃቸውን ሲሰማ ወደ ጆንያው ይሄዳል። እሳቸው ግን እኔ ራሴ ወጥቼ እጃቸውን ካልያዝኩ በሩን አያልፉም።