ለሚሚ የወሰንኩት

ሐኪሟ የቡችላዬን የሚሚን አፍ ከፍታ በትንሽ ባትሪ አበራችልኝ። ላንቃዋ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ የአፍንጫዋ ውስጠኛ ክፍል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስትጠባ ወተቱ በአፍንጫዋ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ሚሚ ፈረንች ቡልዶግ ናት። ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ዝርያዎች ላይ ይህ ችግር ይበዛል። ሐኪሟ ሁለት መንገድ አስቀመጠችልኝ፤ ወይ በመርፌ ማሳረፍ፣ ወይ አሳድጎ ማሰፋት። አሁኑኑ መስፋት አይቻልም። ሥጋው ስስ ስለሆነ ስፌት አይይዝም፣ ማደንዘዣውም ይከብዳታል። ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ወር እስኪሞላቸው ይጠበቃል።

ከባዱ ይሄ መጠበቁ ነው። ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በቱቦ ትመገባለች። ቱቦውን ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ መጨረሻ ጎድኗ ለክቼ ምልክት አደርጋለሁ። በሆዷ አስተኝቼ ቀስ ብዬ አስገባለሁ፤ ወተቱንም በስሪንጅ በዝግታ እገፋለሁ። ወደ ሳንባዋ ከሄደ የሳንባ ምች ነው፤ እነዚህን ቡችሎች በብዛት የሚገድላቸውም እሱ ነው። ስትጠግብ በፊት እግሯ አውራ ጣቴን ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች። ከዚያ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። ኮርኮር የሚል ነገር ከሰማሁ እንቅልፍ የለም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ልጄ፣ እንስሳም ነፍስ አላት፣ ግን አታሰቃያት» አለችኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ልቤ የገባው ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ስለ ገንዘብ ነበር። ገንዘቡን ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን አስልተናል፣ እንችለዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ስቃይዋ ነው።

ሐኪሟ ምንም አልደበቀችኝም። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ ገልጠው ወደ መሃል ስበው ይሰፉታል። ስፌቱ ሊለቅ ይችላል፤ ሁለተኛ ዙር የሚያስፈልጋቸው አሉ። ከዚያም ለሳምንታት ለስላሳ ምግብ ብቻ። አጥንትም ሆነ የሚታኘክ መጫወቻ አይታሰብም።

ወስኛለሁ። ክብደቷ እየጨመረ፣ ሳንባዋም ንጹህ ሆኖ ከቆየ፣ የአፍና የጥርስ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። ስፌቱ ከለቀቀ አንዴ ይደገምላታል፤ ከዚያ በላይ ግን ቢላ አላበዛባትም። እስከዚያ የሳንባ ምች እየተመላለሰ ካደከማት ደግሞ ለእኔ ስል አላቆያትም። ይህን ድንበር አሁን፣ ደህና ሆና ሳለች፣ ለሐኪሟ ነግሬ መዝገቧ ላይ አስፍሬያለሁ።