ዋስ አምጣ

ልጁ የደረጃ 2 ሲኦሲውን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ፈተናውን፣ በአንድ ሙከራ ነው ያለፈው። ሞተር አውርዶ ይገጥማል። የ12 እና የ13 ቁልፍ ሳያይ በጣቱ ይለያል። ሳሪስ አካባቢ ያለ ጋራዥ 3 ቀን ሞክሮት «ሰኞ ጀምር» ሲለው፣ ልጆች ሙያ እንዲሠለጥኑ የሚረዳው ድርጅታችን ቢሮ ውስጥ እልል ተባለ።

ሰኞ ከሰዓት ተመልሶ መጣ። አዲሱን ቱታ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞታል።

«ጋሼ፣ ዋስ አምጣ አሉኝ።»

«ታዲያ ከዘመድም ከጎረቤትም ደመወዝተኛ ሰው ፈልጋ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ዋስ የሚሆነኝ ሰው ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?»

አልተቆጣም። ስሙን ሲጠየቅ እንደሚናገረው አድርጎ ነው የተናገረው። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ፋይሉን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። እናትና አባቱን ማጣቱን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። እንዴት «ዘመድ ፈልግ» እለዋለሁ?

ጋራዡን አልወቅስም። የሰው መኪና ያድርበታል፤ መለዋወጫ ደግሞ በኪስ ይወጣል። ያልተዋጠልኝ የኛው ቤት ነው። አለቃዬ «ድርጅቱ ዋስ አይሆንም፣ መመሪያ ነው» አሉኝ። 2 ዓመት ሙሉ ምሳውን፣ ትራንስፖርቱን፣ የፈተናውን ክፍያ ችለን አንዲት ፊርማ ሲቀር ልጁን በር ላይ ማቆም ልክ አይደለም። ያኔም ብያቸዋለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

በራሴ ደመወዝ ፈረምኩ። ፎርሙ ላይ «ዝምድና» የሚል ቦታ አለ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ እጄን ያያል። «ቤተሰብ» ብዬ ሞላሁት።

የገንዘቡ ቦታ ግን ባዶ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ይህን ጠበቃ ጓደኛዬ ነግሮኝ ስለነበር 20 ሺህ ብር ተብሎ እንዲጻፍ አደረግኩ። በኋላ በጣም ጠቀመኝ። ሰው ዋስ መሆን የሚፈራው ዕዳው የት እንደሚቆም ስለማያውቅ ነው። የሠፈራችን ባለ ፋርማሲና አንዲት መምህርት ለሌሎች ልጆች ዋስ እንዲሆኑ ስጠይቃቸው መጀመሪያ እምቢ ብለውኝ ነበር። ጣሪያው ተጽፎ ሲያዩ ፈረሙልኝ።

አሁን ዋስ ፍለጋ የምጀምረው ልጆቹ ሥልጠና በገቡ በመጀመሪያው ወር ነው። ዘንድሮ 11 ልጆች ለፈተና ይቀርባሉ። ለ4ቱ አግኝቻለሁ። ለ7ቱ ገና እየዞርኩ ነው።